ከዘረፋ የሚጀምር የምስክር ወረቀት፦ የጥንታዊ ቻይና የጄድ ዕቃዎችና የባለቤትነት ጥያቄ

በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒው ዮርክና በሆንግ ኮንግ የጨረታ አዳራሾች ከጥንታዊ ቻይና የመጡ የጄድ ጽዋዎች፣ ባለ ክዳን ማሰሮዎች፣ የዕጣን ማጤሻዎችና የብሩሽ ማጠቢያ ሳህኖች በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ገዢውም ሻጩም አንድ ችግር ይጋራሉ፤ ዕቃው መቼ እንደተጠረበ ከድንጋዩ ራሱ ማወቅ አይቻልም። ብራናና እንጨት በራዲዮካርቦን፣ ሸክላ ደግሞ የተተኮሰበትን ጊዜ በሚለካ ምርመራ ዕድሜያቸው ሊገመት ይችላል። ጄድ ግን የተፈጠረበት ዘመን በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚለካ ማዕድን በመሆኑ፣ ከ300 ዓመት በፊት የተጠረበውንና ትናንት የተጠረበውን በዕድሜ የሚለይ የላቦራቶሪ መለኪያ የለም። በዚህም ምክንያት ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚናገረው ወረቀት ሆኗል። ገበያው ትልቅ ክብደት ከሚሰጣቸው ወረቀቶች አንዱ ደግሞ በ1860 የቻይናን ንጉሠ ነገሥት የበጋ ቤተ መንግሥት ከዘረፈው ጦር ውስጥ የነበረ መኮንን ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ ነው። የዕቃውን እውነተኛነት የሚመሰክረው ሰነድ ዕቃው መዘረፉንም ይመሰክራል፤ በእኔ እምነት ዛሬ በቻይና መንግሥት፣ በምዕራባውያን ሙዚየሞችና በአጫራቾች መካከል ያለውን ክርክር ይህን ያህል ያከረረው ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከድንጋዩ መጀመር ይገባል። ጄድ በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ናቸው፤ አንዱ ኔፍራይት፣ ሌላው ጄዳይት ይባላል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን በኬሚካዊ ምርመራ ያሳየው ፈረንሳዊው አሌክሲ ዳሙር ሲሆን ጊዜው 1863 ነበር። የጥንት ቻይናውያን ጠራቢዎች ለሺህ ዓመታት የሠሩበት ኔፍራይት ነው፤ ደማቅ አረንጓዴው ጄዳይት በርማ ውስጥ እየተቆፈረ በብዛት ወደ ቻይና የገባው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ኔፍራይት በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ6 እስከ 6.5 ስለሚደርስ ተራ ቢላዋ አይጭረውም። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን አለመሰበሩ ነው። ውስጡ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ክሮች የተሞላ ሲሆን፣ ክሮቹም ተጠቅጥቆ እንደተሠራ የሱፍ ምንጣፍ እርስ በርስ ተጠላልፈው ስለሚያያዙ በመዶሻ ቢመታ እንኳ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

እንዲህ ያለ ድንጋይ እንደ እብነ በረድ በመሮ አይጠረብም፤ ከእሱ በሚጠነክር አሸዋ ቀስ በቀስ ተሞርዶ ቅርጽ ይይዛል። ጠራቢው በእግሩ በሚረግጠው መርገጫ የሚሽከረከር የብረት ጎማ ፊት ለፊት ይቀመጥና፣ በውሃ የራሰ የኳርትዝ ወይም የጋርኔት አሸዋ በጎማውና በድንጋዩ መካከል እየጨመረ ለሳምንታትና ለወራት ይፈጋዋል። ጠፍጣፋ ጌጥ መሥራት በዚህ መንገድ አድካሚ ነው፤ ጎድጓዳ ዕቃ መሥራት ደግሞ ከዚያም እጅግ የከበደ ነው። ውስጡን ለመቦርቦር ጠራቢው በመጀመሪያ ባዶ ቱቦ የሚመስል መሰርሰሪያ እያሽከረከረ ያስገባል፤ መሃል ላይ እንደ ዓምድ ቆሞ የሚቀረውን ድንጋይ ከሥሩ ሰብሮ ያወጣል፤ ከዚያም ጫፉ በታጠፈ መሣሪያ በጠባቡ አፍ በኩል ገብቶ ሆዱን ያሰፋል። የአንድን የአበባ ማስቀመጫ ወይም ባለ ጠባብ አንገት ማሰሮ ጥራት የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ በብርሃን የሚያየው ከትከሻው ሥር ያለውን ውስጣዊ ግድግዳ ነው። ዓይን የማይደርስበት ያ ቦታ ከውጩ እኩል ሳስቶና ለስልሶ ከተገኘ የጠራቢው ትዕግሥት ይታወቃል። በአንዳንዶቹ ማሰሮዎች ላይ ክዳኑን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝ ሰንሰለት ይታያል፤ ሰንሰለቱም ክዳኑም አካሉም ከአንድ ድንጋይ ስለወጡ በቀለበቶቹ መካከል መገጣጠሚያ አይገኝም። አንዷ ቀለበት ብትሰበር የወራት ድካም ከንቱ ይሆን ነበር።

ብዙ ድንጋይ ባክኖ የሚሠራ ስለሆነ ጎድጓዳ የጄድ ዕቃ በጥንት ዘመን ብርቅ ነበር። በ1976 በአንያንግ የተገኘው የጥንቱ የሻንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሚስትና የጦር አዛዥ የነበረችው የፉ ሃዎ መቃብር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የተዘጋ ሲሆን፣ 755 የጄድ ዕቃዎች ወጥተውበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ የምግብ ማቅረቢያ ጎድጓዳ ዕቃዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በ1983 በጓንግጆው የተቆፈረው ናንዩዌ የተባለው ጥንታዊ የደቡብ ቻይና መንግሥት ንጉሥ መቃብር ደግሞ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ፣ በቀንድ ቅርጽ የተሠራ የመጠጫ ዋንጫ ሰጥቷል፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ዋንጫ በእኔ ዓይን ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ብዙዎቹ ይበልጣል። በመጠን ግን የዩዋን ሥርወ መንግሥት መሥራች የሆነው የሞንጎሉ ገዢ ኩብላይ ካን በ1265 ያሠራውን ትልቅ የወይን ጋን የሚስተካከል አልነበረም። ክብደቱ ወደ 3,500 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በጎኑ ላይ በማዕበል መካከል የሚዋኙ ዘንዶዎችና የባሕር አውሬዎች ተቀርጸውበታል። የዩዋን ሥርወ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ጋኑ ተረስቶ ዳዎ በተባለው የቻይና ሃይማኖት ተከታዮች ገዳም የአትክልት ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ አስመልሶ ራሱ የጻፋቸውን ግጥሞች አስቀረጸበት። ዛሬም ቤጂንግ ውስጥ በቤይሃይ መናፈሻ በር ባለው ክብ ግቢ ይገኛል።

በዛሬው ገበያ ከሚዘዋወሩት ምርጥ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ከቺያንሎንግ ዘመን፣ ማለትም ከ1736 እስከ 1795 ካለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ከጥበብ ይልቅ ጦርነት ነበር። ነጩ ኔፍራይት የሚለቀመው በዛሬዋ ሺንጂያንግ ውስጥ በሆታን በኩል ከሚያልፉት ከዩሩንግካሽና ከካራካሽ ወንዞች ሲሆን፣ በወቅቱ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ጦር በ1759 አካባቢውን ሙሉ በሙሉ እስከያዘበት ጊዜ ድረስ ድንጋዩ የሚደርሰው በንግድና በግብር መልክ እየተቆራረጠ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤጂንግ ይጓዝ ጀመር፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያሉት የእጅ ሥራ ክፍሎችና በሱጆውና በያንግጆው የነበሩት ጠራቢዎች ሥራ በዛባቸው። ድንጋዩ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለነበር ኮንትሮባንድም አብሮ አደገ፤ በ1778 በያርካንድ የተሾመው ጋዎ ፑ የተባለ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጄድ በድብቅ ሲያሸጥ ተይዞ በሞት ተቀጥቷል።

ቺያንሎንግ ዕቃዎቹን በመሰብሰብ ብቻ አልተወሰነም፤ አገላብጦ ይመረምራቸው፣ ይተቻቸውም ነበር። በዘመኑ ጌጥ በዝቶባቸው ለገበያ የሚሠሩትን ዕቃዎች በግጥሞቹ ውስጥ የድንጋዩ መከራ ብሎ አውግዟል። ጠራቢዎቹ ወደ ጥንቱ እንዲመለሱ ስላዘዘም የጥንቶቹን የሻንግንና የጆውን ሥርወ መንግሥታት የነሐስ ዕቃዎች ቅርጽ የተከተሉ የጄድ ማሰሮዎች በብዛት ተሠሩ። ይህ ትእዛዝ ለዛሬው መርማሪ ትልቅ ፈተና ጥሎለታል። አንድ ዕቃ የሦስት ሺህ ዓመት ቅርጽ ይዞ የ250 ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ያንኑ መስሎ የተሠራው ሌላው ደግሞ የአምስት ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ቅርጹ ከሁለቱ አንዱን አይለይም።

የማስመሰል ሥራው ዛሬ የራሱ ከተሞች አሉት። በአንሁዊ ግዛት የምትገኘው ቤንግቡና በጂያንግሱ ግዛት ያለችው ፒጆው በጥንታዊ አምሳያ ጄድ ሥራ የታወቁ ናቸው። አዲሱን ድንጋይ በእሳት አግለው የነጣ አጥንት ያስመስሉታል፤ በአሲድና በቀለም ዘፍዝፈው በመቃብር አፈር ውስጥ የኖረ ያደርጉታል። በ2011 መጀመሪያ ላይ ቤጂንግ ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው የተባለ የጄድ መኳኳያ ጠረጴዛ ከነበርጩማው በ220 ሚሊዮን የቻይና ገንዘብ (ዩዋን) ተሸጠ። ትንሽ ቆይቶ የፒጆው ባለሙያዎች ዕቃውን በ2010 የሠሩት እነሱ መሆናቸውን ይፋ አደረጉ። የታሪክ ዕውቀት ያለው ሰው ጨረታው ሳይከፈት ሊያስቆመው በቻለ ነበር፤ በሃን ዘመን ሰዎች መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ስለነበር እንዲህ ያለ በርጩማ የሚያስፈልገው አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ቅሌት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አምስት የታወቁ ገምጋሚዎች ከጄድ ቁራጮች በወርቅ ክር የተሰፋን የቀብር ልብስ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ከውጭ ብቻ አይተው 2.4 ቢሊዮን ዩዋን ገመቱት፤ ባለቤቱም ግምቱን ይዞ ከባንክ ከፍተኛ ብድር ወሰደ። ልብሱ ሐሰተኛ ነበር። ገምጋሚዎቹ ሣጥኑን አስከፍተው ዕቃውን በእጃቸው ለመያዝ አለመጠየቃቸውን ሳስብ፣ ችግሩ ከዕውቀት ማነስ ይልቅ የባለሙያነትን ክብር መሸጥ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሳይንስ ምንም አያግዝም ማለት ግን አይደለም። ድንጋዩን በአየርና በውሃ ውስጥ በመመዘን ብቻ ብዙ ማታለል ይጋለጣል፤ ኔፍራይት ከእኩል መጠን ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ሲከብድ፣ ጄድ እየተባለ የሚሸጠው ሰርፔንቲን ከ2.6 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ድንጋዩ ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበያውን ካጥለቀለቀው፣ ቺንግሃይ ከተባለው የቻይና ግዛት የመጣ መሆኑ ከታወቀም፣ የቺንግ ዘመን ነው የሚለው አባባል ወዲያውኑ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው የመሣሪያ አሻራም ይረዳል፤ በረጠበ አሸዋ የተፈጋው መስመር በዝግታ ተሞርዶ የተጠጋጋ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ባለ አልማዝ መሰርሰሪያ ደግሞ ስለታምና እኩል የሆኑ ጭረቶችን ይተዋል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ሐሰቱን ለማስወገድ እንጂ እውነተኛውን ለማረጋገጥ አይበቁም። አሮጌ ድንጋይ በአሮጌው ዘዴ ዛሬም ሊጠረብ ይችላል።

ወረቀቱ የሚነግሠው እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ከቤጂንግ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን ዩዋንሚንግዩዋንን፣ ማለትም በመግቢያው የጠቀስኩትን የበጋ ቤተ መንግሥት፣ የቺንግ ነገሥታት ሀብታቸውን ያከማቹበትን የአትክልት ቤተ መንግሥት፣ ዘረፈ። ከቀናት በኋላም በቻይናውያን ታስረው ከነበሩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞችና አጃቢዎቻቸው ብዙዎቹ መሞታቸው ሲታወቅ የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ የነበረው ሎርድ ኤልጊን ቤተ መንግሥቱ እንዲቃጠል አዘዘ። እንግሊዞች የሰበሰቡትን ምርኮ እዚያው በሰፈሩበት በጨረታ ሸጠው ገንዘቡን ለመኮንኖችና ለወታደሮች አከፋፈሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ዕቃዎች ሕጋዊ የሚመስል ግዢ ተፈጽሞባቸው፣ ከነስማቸውና ከነቀናቸው በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። ከ150 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ ሣጥኑን ሲከፍቱ ያ ደብዳቤ የዕቃውን ዋጋ ሽቅብ የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ፤ በ1860 በእጅ የነበረ ዕቃ ፒጆው ውስጥ በ2010 ሊሠራ አይችልምና።

የነሐስ ዕቃ ቢሆንም የሚከተለው ጉዳይ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። በሚያዝያ 2018 በእንግሊዝ ካንተርበሪ የነብር ምስል ያለበት ጥንታዊ የነሐስ የውሃ ዕቃ ለጨረታ ቀረበ፤ ማስረጃ ሆነው የቀረቡትም ሃሪ ኢቫንስ የተባለ የባሕር ኃይል እግረኛ ሻምበል በ1860 ከቤጂንግ ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። የቻይና የባህል ቅርስ አስተዳደር ሽያጩን ተቃወመ፤ አጫራቹ ግን ቀጥሎ ዕቃው በ410,000 ፓውንድ ተሸጠ። በኋላ ገዢው ለቻይና አስረከበውና በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ቤጂንግ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ። ፍጻሜው ቢያስደስትም መንገዱ የሚያሳፍር ነው። ዝርፊያውን የሚያትት ደብዳቤ በጨረታው መጽሔት ላይ እንደ ጌጥ ታተመ፤ የተዘረፈው አገር የተቃወመውም ከንቱ ሆነ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1860ው ዘመቻ በጄኔራል ሆፕ ግራንት ሥር ሁለተኛውን ክፍለ ጦር ይዞ ወደ ቤጂንግ የገሰገሰው ሮበርት ናፒየር ነበር። ይኸው ናፒየር ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ መቅደላን ያስዘረፈው አዛዥ ነው። የአሠራሩ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በቻይና እንደተደረገው ሁሉ የመቅደላም ምርኮ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለሠራዊቱ ተከፋፍሏል፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰውም ከገዢዎቹ መካከል ነበር። በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት ከመቅደላ የመጡ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ለጨረታ ሲቀርቡ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጩ ወጥተው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ዋንጫዎቹ የተጠበቁት በሕግ አስገዳጅነት ሳይሆን በድርድርና በበጎ ፈቃድ ነው፤ የቻይናም ጄድ ያለበት ሁኔታ ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ሕጉን ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። የቅርስን ሕገ ወጥ ዝውውር የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። አሜሪካና ቻይና በ2009 የፈረሙትና ከዚያ ወዲህ በየአምስት ዓመቱ የታደሰው የቅርስ ጥበቃ ስምምነት የሚከለክለው በዋናነት እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ፣ ማለትም እስከ 907 ድረስ የተሠሩ ዕቃዎችን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ካሉት ውስጥ ቢያንስ 250 ዓመት ያስቆጠሩ ትላልቅ ሐውልቶችንና የግድግዳ ሥራዎችን ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ በገበያው ላይ ዋጋቸው ሰማይ የነካው የቺያንሎንግ ዘመን ማሰሮዎች ከስምምነቱ ውጪ ናቸው። ብሪቲሽ ሙዚየምም በ1963ቱ ሕግ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም በ1983ቱ ሕግ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከስብስባቸው ዕቃ አውጥተው እንዳይሰጡ ታግደዋል።

ይሁን እንጂ ከቻይና ውጭ ያለ የጄድ ዕቃ ሁሉ ተዘርፏል ማለት ስሕተት ነው፤ ይህን የሚሉ ወገኖች የራሳቸውን ጥያቄ ያዳክማሉ። የቺንግ ሥርወ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ገንዘብ የቸገረው የልዑል ጎንግ ቤተሰብ ስብስቡን በ1912 ያማናካ ለተባለ የጃፓን የንግድ ድርጅት ሸጦ፣ ጄዱን ጨምሮ ብዙው በ1913 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ተበትኗል። ከሥልጣን የወረደው የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑ ዪም የተከለከለችው ከተማ በሚባለው የቤጂንግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲኖር የቤተ መንግሥቱን ዕቃዎች ለባንኮች አሲይዟል። አሜሪካዊው ሂበር ቢሾፕ የሰበሰባቸውና በ1902 ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተሰጡት ከሺህ በላይ የጄድ ዕቃዎችም ከተለያዩ ምንጮች የተገኙ ናቸው። የተሸጠውን ከተዘረፈው መለየት የሚቻለው እያንዳንዱ ዕቃ የመጣበት መዝገብ ሲታይ ነው፤ ሙዚየሞች መዝገቡን በዘጉ ቁጥር በትክክል የገዙትም ይጠረጠራሉ።

የዋጋው መናር ሙዚየሞቹን ራሳቸውን የዝርፊያ ዒላማ አድርጓቸዋል። በሚያዝያ 2012 ሌቦች የዱራም ዩኒቨርሲቲን የምሥራቃውያን ሙዚየም ግድግዳ ሰብረው በ1769 የተሠራ ትልቅ የጄድ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ የሸክላ ምስል ወሰዱ። ከሌቦቹ አንዱ ዕቃዎቹን ሜዳ ላይ ደብቆ ቦታው ስለጠፋበት ፖሊስ በቀናት ውስጥ አገኛቸው። በዚያው ወር በካምብሪጅ ከሚገኘው ከፊትዝዊሊያም ሙዚየም አብዛኞቹ ጄድ የሆኑ 18 የቻይና ዕቃዎች ተሰረቁ። በ2016 ከእነዚህና ከመሰል ስርቆቶች ጋር በተያያዘ 14 ሰዎች ቢፈረድባቸውም የካምብሪጁ ጄድ አልተገኘም። ሆኖም የእነዚያ 18 ዕቃዎች ፎቶግራፍና መግለጫ በዓለም ስለተሰራጨ የትኛውም የታወቀ አጫራች በግልጽ ሊሸጣቸው አይደፍርም።

በ1860 የተወሰዱት ዕቃዎች ይህን ዓይነት ጥበቃ ያላገኙት ፎቶ ስላልነበራቸው ነው ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የቺንግ ቤተ መንግሥት የእጅ ሥራ ክፍሎች ምን እንዲሠራ እንደታዘዘና ማን እንደሠራው የሚመዘግቡበት የሥራ መዝገብ በቤጂንግ ቤተ መዛግብት አለ። ቺያንሎንግ በዕቃዎቹ ላይ ያስቀረጻቸው ግጥሞችም ከነዘመናቸው በታተሙት የግጥም ስብስቦቹ ውስጥ ይገኛሉ። በአንድ ጽዋ ወገብ ላይ የተቀረጸን ግጥም ከታተመው ጋር አስተያይቶ፣ ጽዋው የታዘዘበትን ቀን ከሥራ መዝገቡ ፈልጎ ማግኘት በብዙ ሁኔታ ይቻላል። የጎደለው የምዕራቡ ወገን መዝገብ ነው፤ ማለትም የሙዚየሞቹ የገቢ ዕቃ ደብተር፣ የአጫራቾቹ የሻጭ ዝርዝርና በሠራዊቱ ውስጥ የተካሄደው ጨረታ ሰነዶች። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሙዚየሞች ከዩዋንሚንግዩዋን መጣ ብለው በያዙት እያንዳንዱ የጄድ ዕቃ ላይ የተቀበሉበትን ቀን፣ የሰጪውን ስምና በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ በኢንተርኔት ይፋ ቢያደርጉ፣ አጫራቾችም የ1860 ደብዳቤ የያዘን ዕቃ ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት ለቻይና የቅርስ አስተዳደር የማሳወቅ ግዴታ ቢጣልባቸው፣ የትኛው ማሰሮ ተገዝቶ የትኛው ተዘርፎ እንደወጣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በአብዛኛው ሊታወቅ ይችላል።